ከል ያልሆነው ሰማያዊ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜሮን አዲስ ጂንስ ሱሪ ገዝታ መጣች። ጉልበቱ የተቀደደ፣ ጭኑ ላይ የነጣ፣ ኪሱ አካባቢ የተፋፋቀ ነው። «ገዝተሽው ነው ወይስ ከሰው ላይ አውልቀሽው?» ብዬ ባሾፍባት የከፈለችውን ነገረችኝ፤ የተቀመጥኩበትን ወንበር ያዝ አደረግኩ። በዚያ ብር እኔ በጉብዝናዬ ዘመን ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ገዝቼ በተረፈኝ ሠፈሩን ክትፎ እጋብዝ ነበር። ጨርቅ እንዲህ ተልጦ ከእጄ ቢወጣ ኖሮ ደግሞ አለቃዬ ከግቢው ያስወጣኝ ነበር። ሜሮን ሳቀችብኝ። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት በሰርቪስ ሄዳ ማታ በሰርቪስ ትመለሳለች፣ ደመወዟም የራሷ ነው። ምን እላታለሁ?

ሱሪውን ከመልበሷ በፊት ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ስገባ ውሃው ሰማያዊ ሆኗል። ከማየቴ በፊት ግን የያዘኝ ሽታው ነው። የእርጥብ ቅጠልና የክብሪት ሽታ ቢቀላቀል እንደማለት ነው። ለሌላ ሰው ምኑም አይደለም፤ እኔን ግን በሩን አስይዞ አቆመኝ። ሜሮን ደንግጣ መጣች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? አዞረዎት እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ። ይሄ ኢንዲጎ ነው።»

«ኢንዲጎ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ብርሽን ያፈሰስሽበት ነገር ነዋ! ጨርቁማ ጥጥ ነው፤ ሰው የሚወድለት ቀለሙን ነው።»

እኔ የዕድሜዬን ግማሽ በዚህ ቀለም ውስጥ እጄን ነክሬ ነው ያሳለፍኩት። አቃቂ ከነበሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ማቅለሚያ ክፍል ነበርኩ። ያኔ ሠፈሩ የሚነሳውም የሚተኛውም በፋብሪካ ጡሩምባ ነው። ጡሩምባው ሲጮህ መንገዱ በሰማያዊ ቱታ ይሞላል፤ ጋሪዎቹ ዳር ይይዛሉ፣ ሻይ ቤቶቹ ውስጥ ቦታ አይገኝም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲም በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲው ደግሞ እንደዛሬው አየር ብቻ አልነበረም። እሑድ ቱታው ይወልቅና ቤልቦተም ይለበሳል፤ የሱሪያችን ጫፍ ከመስፋቱ የተነሳ የአቃቂን አቧራ ጠርገን የምንገባው እኛ ነበርን። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ቆመን ዘፈን እንሰማለን፣ ሴቶች ሲያልፉ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን። ሌላው ሰው ኩራት ይመስለዋል፤ እኛ ግን ጥፍራችንን ነው የምንደብቀው። የማቅለሚያ ሠራተኛ ጥፍሩ ሰማያዊ ነው። በሎሚ ብትፈትገው፣ በአሸዋ ብታሸው አይለቅም። ሠርግ ቤት እጄን ለመታጠብ ስዘረጋ የምታስታጥበኝ ልጅ «አንተ ማቅለሚያ ነህ አይደል?» ብላ ስቃብኛለች። በኋላ አገባኋት፣ ያ ሌላ ታሪክ ነው።

ሥራ የገባሁ ሰሞን የሠራሁትን ጉድ ሳልናገር አላልፍም። ኢንዲጎ እንደሌላው ቀለም ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ አይሟሟም፤ ሶዳና ሌላ ዱቄት ገብቶበት ገንዳው ሲበስል ሰማያዊነቱን ይተውና ብጫ ያዘለ አረንጓዴ ይሆናል። ነጩን ጨርቅ ነክረህ ስታወጣው ጨርቁም አረንጓዴ ነው። አየር ሲያገኘው ነው፣ ማንም ሳይነካው፣ ዓይንህ እያየ ወደ ሰማያዊ የሚዞረው። ይህንን ያስረዳኝ አልነበረም። ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ «አበላሸሁት!» ብዬ መልሼ ከተትኩት። አወጣሁት፣ አሁንም አረንጓዴ ነው። መልሼ ከተትኩት። አለቃችን ከሻይ ሲመለስ እኔ በላብ ተነክሬ፣ ጨርቁም ተደጋግሞ ተነክሮ፣ ሲሰጣ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። «አየር ሳታስጠጣው ምን አስቸኮለህ?» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጓደኞቼም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከል አቅላሚው ግርማ» አሉኝ፤ ስሙ ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀኝም።

ስለ ቀለሙ አመጣጥ ያወቅነውም ከዚሁ አለቃችን ነው። ነገር ሲያስረዳ የያዘውን ሲጋራ ማቀጣጠል የሚረሳ ሰው ነበር። እኛ ከድንጋይ የሚፈጭ ይመስለን ነበር፣ እሱ ግን ከቅጠል ነው አለን። ስሙም የመጣው ከህንድ ነው። ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያበሰብሱታል፣ ውሃውን እየመቱ አየር ያስጠጡታል፣ የሚዘቅጠውን አተላ ያደርቁና እንደ ሳሙና ይቆርጡታል። በግመልና በመርከብ ተጭኖ ዓለምን የዞረው እንዲያ ሆኖ ነው። በኋላ ኬሚስቶች ቅጠሉን ተዉና በፋብሪካ ሠሩት፤ ለእኛ በበርሜል የሚመጣውም የዚያ ዓይነቱ ነበር። ይህንን ሁሉ ለእናቴ ባወራላት ምንም አልገረማትም። «ቅጠሉንማ አውቀዋለሁ፤ እኛ አገር በግ ይበላዋል» አለችኝ። አንድ ቀንም ዛሬ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖርበት ኮዬ ፈጬ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ሳለ፣ ወንዝ ዳር ደቃቅ ሮዝ አበባ ያለው ቁጥቋጦ አሳየችኝና ቅጠሉን በጥሳ መዳፌ ላይ አሸችው። አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። እናቴ ግን እጄን ቶሎ ስለታጠብኩ ነው ብላ ደመደመች። እሱ ይሁን ሌላ እስከዛሬ አላጣራሁም።

እናቴ ግን አንድ ነገር በትክክል ታውቅ ነበር፤ እሱም ከል ነው። በእሷ አገር ሰው ሲሞት ነጩን ልብስ በቅጠልና በረግረግ ጭቃ ያጠቁሩታል። አቃቂ ውስጥ ደግሞ ሐዘን የገባበት ቤት ከገበያ ጥቁር ቀለም ገዝቶ በቆርቆሮ ያፈላል። ያ ቀለም ጉደኛ ነው፤ ፀሐይና ላብ ሲያገኘው ይለቅና ሐዘንተኛውን አንገቱ ድረስ ያጠቁረዋል። የእኛ ኢንዲጎ ተደጋግሞ ሲነከር ግን ከጥቁር የማይለይ ይሆናል፣ ገላም ላይ አይወርድም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ ሲያልቅና ገንዳው ውስጥ የተረፈ ቀለም ሲኖር፣ የሠራተኛ ቤተሰብ ልብሱን ይዞ በጓሮ በር ይመጣ ነበር። አለቃችን ዓይኑን ይጨፍንልናል። ማን ሐዘን እንደገባበት ከእድሩ ቀድመን የምናውቀው እኛ ነበርን።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአሰብ ጭኖ ይመጣል፣ አራግፎ ተመልሶ ይወርዳል። አፍሮው በመኪናው በር አያስገባውም እያልን እንስቅበት ነበር። ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረው፣ በአሰብ ሙቀት እንኳ አያወልቀውም ይሉታል። ወደ ቤት ሲመጣ የአቃቂ ድልድይ ላይ ክላክሱን ደጋግሞ ይነፋል፤ ሚስቱ አልማዝ በሰቃ ሠፈር ካለው ቤታቸው ሰምታው ነጠላዋን እየደረበች ትወጣለች። ሲተቃቀፉ ሠፈሩ ፊቱን ያዞራል፣ አሮጊቶቹ ግን ያያሉ። በተጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው ያ ግርግር መጣ፤ ሰው ከቤቱ ወጥቶ የማይመለስበት ጊዜ። ታደሰም አንድ ጠዋት ወጣ፣ አልተመለሰም። መኪናውም አልተገኘም። የሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ተጠየቀ። አንዱ «መንገድ ላይ አይቼዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «ድንበር ተሻግሯል» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስንጠይቀው ዓይኑን ከመሬት አያነሳም። እሱን ነበር የምንፈራው።

ለሞተ ሰው ሥርዓት አለው። መርዶ ይነገራል፣ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እናት ደረቷን ትመታለች። ለጠፋ ሰው ምንም የለውም። እናቴ ጠብቃ ጠብቃ «ልቤ ነግሮኛል፤ ልጄ የለም፣ አውጥቼ ላልቅሰው» አለች። የእድሩ ሰዎች አዘኑላት፤ ነገር ግን ድንኳኑ የሚተከለው በሟች ደጅ ነው፣ በዚያ ደጅ ያለችው አልማዝ ናት። ሚስቱ ሳትቀበል እንዴት ብለን እንተክላለን አሉ። አልማዝ አልተቀበለችም። ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም፣ ነጭ ነጭ ቀሚሳቸውን ታቅፈው፣ በጓሮ በር መጡ። እናቴ ቀሚሷን አስጨበጠችኝና «እስኪጠቁር ንከረው» አለችኝ። አልማዝ የእሷን ወዲያው አልሰጠችኝም።

«ግርማ፣ የእኔን አንድ ጊዜ ብቻ።»

«እትዬ አልማዝ፣ አንድ ጊዜማ ሰማያዊ ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰማያዊ ከል አይሆንም፣ ልጄ» አለች እናቴ።

«እኔም ከል አልፈለግኩም፣ እማማ። ነጭ ለብሼ ስወጣ ባሏ ጠፍቶ ትሽቀረቀራለች ይሉኛል። ጥቁር ከለበስኩ ደግሞ የገደልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሲታጠብ ይለቃል አይደል፣ ግርማ?»

«ቀስ በቀስ ይለቃል።»

«በቃ። እሱ ሲመጣ አጥቤ አነጣዋለሁ። ከቆየ መልሰህ ትነክርልኛለህ።»

እናቴ ወደ አልማዝ ቀረበች። ከዚያ «እኔስ? እኔ ልጄን የማለቅሰው መቼ ነው?» አለች። አልማዝ ጉልበቷን አቅፋ ሳመቻት። እኔ ወደ ገንዳው ዞርኩ። የአልማዝን ቀሚስ ነክሬ አወጣሁት፣ አየር ጠጥቶ ሰማያዊ ሆነ። የእናቴን ነክሬ አወጣሁ፣ አስጠጣሁ፣ ነክሬ አወጣሁ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። ሁለቱን በአንድ ሽቦ ላይ ሰጣኋቸው። ከአንድ ገንዳ የወጡ ናቸው ቢባል ማንም አያምንም።

እናቴ ያንን ከል ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቅሶ ደራሽ፣ ብቻዋን ለበሰችው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ «ማን ሞተባት?» የሚል ሲኖር «ልጄ» ትላለች፤ ያ ሰው ወደ አልማዝ ሲዞር አልማዝ የማተቧን ሰማያዊ ክር የመሰለ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻማ ትለኩሳለች። አልማዝ በሰቃ ካለ ልብስ ሰፊ ቤት ሥራ ያዘች። ኮሌታ ትገለብጣለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሲደክማት በር ላይ ቆማ ወደ ድልድዩ ታያለች። ቆንጆ ነበረች፤ ሽማግሌ የላከ ሰው አልጠፋም፣ «ባለ ትዳር ነኝ» እያለች መለሰቻቸው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ቀሚሱን ይዛ በጓሮ በር ትመጣለች፣ አንድ ጊዜ እነክርላታለሁ። ሁልጊዜም ስነክረው እቆጣታለሁ፣ በሆዴ። ታደሰ ለእሷ ባል ነው፣ ለእኔ ደግሞ ወንድሜ ነው። እኔም አልቅሼው አላውቅም። ወንድ ልጅ ድንኳን ሳይተከልለት፣ ሰው ሳይሰበሰብለት የት ሄዶ ያለቅሳል? እንባዬን ያዘችብኝ፤ እንዲህ ነበር የሚሰማኝ።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳን ተተከለ። ሰው ሞልቷል። አስለቃሿ የእናቴን ደግነት፣ የእናቴን ድካም እያነሳች አስለቀሰችን፣ ከዚያም ነገሩ ወደሚመጣበት መጣና «ልጇን ሳትቀብር የሄደች፣ ታደሰን…» ብላ ጀመረች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ብድግ አለ። እኔም ተነሳሁ፤ ስንት ዘመን ደረቴ ውስጥ የተቀመጠው ሊወጣ ነው። ያኔ አልማዝ ከጥቁር ለባሾቹ መሀል በሰማያዊ ቀሚሷ ተነሳች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«እሱን ተዉት» አለች። «እሱ መንገድ ላይ ነው።»

አስለቃሿ አፏ ላይ የነበረውን ዋጠችው። ሰውም መልሶ ተቀመጠ። እኔም ጉሮሮዬ ላይ የደረሰውን መልሼ ዋጥኩት፣ እንዴት እንደሚመር አልነግራችሁም። ከዚያ ወዲህ ቀሚሷን ነክሬላታለሁ፣ በበዓል ቀን ደጇን ረግጫለሁ፣ ሰው ልካ ልጆቼን ጠይቃለች፤ ነገር ግን ተቀምጠን ስለ ታደሰ አውርተን አናውቅም። እኔ ጡረታ ስወጣ መንከሩም ቀረ። ጡሩምባውም ዝም አለ፤ ሠፈሩ ዛሬ የሚነሳው በሞባይል ነው።

የሜሮን ሱሪ ሽታ ታዲያ ይህን ሁሉ ይዞብኝ መጣ። ሌሊቱን እንደምንም አሳለፍኩትና በነጋታው ከቅዳሴ መልስ፣ ልጄ፣ የሜሮን እናት፣ «በዚህ ፀሐይ የት ይሄዳሉ?» እያለችኝ፣ ከኮዬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ በሰቃ ወረድኩ። ከፋሲካ ወዲህ አልሄድኩም ነበር። የሠፈሩ ብረታ ብረት ቤቶች እሑድ ስለሆነ ዝግ ናቸው፤ አልማዝ ስትሠራበት የነበረው ልብስ ሰፊ ቤት ስልክ ጥገና ሆኗል። በሯን ያንኳኳሁ ጊዜ የከፈተችልኝ አንዱን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ትዕግስት የምትባል ልጅ ናት፤ ቅርብ ጊዜ የገባች ናት፣ እኔንም በዓይን ብቻ ነው የምታውቀኝ። አልማዝ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች፤ ታጥቦ ታጥቦ ሰማያዊ መሆኑን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ እስክንሆን ድረስ ነጥቷል።

«እንኳን መጣህ፤ ልደውልልህ ነበር» አለችኝ።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ታደሰ ስንት ዓመት ሆነው?»

ስሙን ከአፏ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው! ደነገጥኩ።

«ሰማንያ ሳይሞላው አይቀርም» አልኳት።

«አባታችሁ በስንት ዓመቱ አረፈ?»

«ሰባም አልደረሰ።»

«አጎቶቻችሁስ?»

«ከእኛ ቤት ወንድ ሰማንያን ያየ የለም። እኔም እየተጠጋሁ ነው፣ እየፈራሁ» አልኳት ላስቃት ብዬ። አልሳቀችም። እጆቿን ቀሚሷ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች።

«እኔ ታደሰን ስጠብቅ እሱ አልቆመልኝም፣ ግርማ። በሐሳቤ አብሮኝ ሲያረጅ ነው የኖረው። ፀጉሩ ሸበተ፣ ጥርሱ ረገፈ፣ ጉልበቱን አመመው። የትም አገር ይሁን፣ ከማንም ጋር ይሁን፣ ሌላ ሴት አግብቶ ወልዶም ይሁን፣ ይኑርልኝ አልኩ። እማማ ስትለምነኝ፣ አንተ ስታኮርፈኝ አላየሁም መሰለህ? አይቻለሁ። ግን ያኔ ካለቀስኩለት እዚያው መንገድ ላይ፣ ገና ልጅ ሆኖ፣ ሰው ገድሎት ይቀራል። አሁን እንግዲህ ዕድሜውን ጨረሰ። ማንም አልገደለውም። አርጅቶ ነው የሞተው። አሁን ላለቅስለት እችላለሁ።»

ስንት ዓመት ሙሉ የተቆጣሁትን ቁጣ ብፈልግ ብፈልግ አልገኝ አለኝ። አቅላሚ ነኝና የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ቀሚሱን ላጥቁርልሽ? ቀለሙን ፈልጌ አላጣም።»

«ጥቁር ምን ያደርጋል? ጥቁር ለተቀጨ ሰው ነው። እኔ የሞተብኝ ሽማግሌ ነው።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና «ታዴ… የኔ ሽማግሌ» አለች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ለቅሶ ከውስጧ ወጣ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወዛወዛት። እኔም አልቻልኩም። እኔ ያለቀስኩለት ሽማግሌ አልነበረም፤ አፍሮውን አበጥሮ፣ ያንን ጃኬት ለብሶ፣ በመስኮት እጁን አውጥቶ የሄደውን ልጅ ነው ያለቀስኩት። እናቴንም ጨምሬ አለቀስኩ፤ እሷ ያላገኘችውን ለቅሶ እኔ አገኘሁት። ሁለት ያረጁ ሰዎች፣ ያለ ድንኳን፣ ያለ አስለቃሽ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ትዕግስት ሰምታ እየሮጠች ገባች። አንዴ እኔን፣ አንዴ አልማዝን አየች።

«እማማ! ምን ሆኑ? ማን ሞተ?»

«ባለቤቴ» አለች አልማዝ።

ልጅቷ ግራ ገባት። ቤቱ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ስለ ባል ሰምታ አታውቅም።

«መቼ?»

«ዛሬ።»

ትዕግስት ሌላ አልጠየቀችም። ወጥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተመለሰች፣ ከአልማዝ ጎን ተቀመጠችና አብራን አለቀሰች።